ለወንድሟ የተለካው ክኒን

ደብዳቤው

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ደብረ ማርቆስ ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ወላጆቼ የሚኖሩት ቢቸና አካባቢ ገጠር ነው። ወንድሜ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በ19 ዓመቱ፣ ለብቻው እያወራ፣ ‹ሊገድሉኝ ነው› እያለ ሌሊት ከቤት መውጣት ሲያበዛ ሆስፒታል ወሰድነው። መጀመሪያ የተሰጠው መድኃኒት በሦስተኛው ቀን አንገቱን ጠመዘዘው፤ ዓይኑም ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሰው ሁሉ ‹መንፈሱ ተቆጥቶ ነው› ስላለን ግሽ ዓባይ ጠበል ወስደነው ሁለት ሳምንት ቆየን። ተመልሰን ስንሄድ ሪስፔሪዶን የሚባል ክኒን ጠዋት 2፣ ማታ 2 ሚሊ ግራም አዘዙለት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን እንደ ጓደኞቹ እያረሰ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ የ17 ዓመት ታናሽ እህታችን እንቅልፍ አጣች፤ ከማይታይ ሰው ጋር መነጋገር ጀመረች። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሆስፒታል ሳናደርሳት ቀረን። እናቴ ‹ወንድሟን ያዳነ እሷንም ያድናታል› ብለው የእሱን ክኒን በእሱ ልክ ይሰጧት ጀመር። እውነት ነው፣ ድምፁ ተዋት። ነገር ግን እንደ እንጨት ደረቀች፤ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር ሆነ። ባለፈው ሳምንት ከጡቷ ወተት ወጥቶ ቀሚሷን አረጠበው፤ ያየች ጎረቤት ወሬውን አዳረሰችው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ በሽንት መርምራ እርግዝና እንደሌለ ተናግራለች፤ የሚያምናት ግን የለም። ልጅቱን ለትዳር የጠየቁት ሽማግሌዎች ቀርተዋል። አባቴ ምንም አይናገሩም፤ ዝምታቸው ከጩኸት ይከብዳል። ይህ መድኃኒት ለሴት መርዝ ነው? እናቋርጠው? መካን ትሆን ይሆን? ወንድሜን ያልነካ እሷን ለምን እንዲህ አደረጋት?

ታላቅ እህት ነኝ»

መልሱ

እህት ዓለም፣

ከጥያቄዎችሽ ሁሉ በፊት ለአባትሽ ሊነገር የሚገባው ነገር ስላለ ከእሱ ልጀምር። ወንድ ያልቀረባት ልጅ ሪስፔሪዶን ስትወስድ የወር አበባዋ ሊቀር፣ ከጡቷም ወተት ሊፈስ ይችላል። ይህ ምሥጢር አይደለም። በካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈ፣ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ወረቀቱን የሚያነበው ግን የለም፤ ቋንቋው የባዕድ፣ ፊደሉም የጉንዳን ያህል ነው። የቢቸና ልጅ ነሽና ቅኔ አላስተምርሽም፤ የእህትሽ ነገር ሰሙ እርግዝና ይመስላል፣ ወርቁ ግን ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው።

ከአንጎላችን ሥር ሽምብራ የምታክል ዕጢ አለች። ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የምታመነጨው እሷ ናት። ለአራስ ወተት እንዲመጣ የሚያዘው ይህ ሆርሞን ነው። በሌላው ጊዜ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ልጓም ሆኖ ይይዘዋል። ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የሌለ ድምፅ የሚያሰማውንና ጥርጣሬ የሚያነሣውን ሁከት የሚያበርዱት ዶፓሚን የሚያርፍባቸውን መቀበያዎች በመዝጋት ነው። ይሁንና መድኃኒቱ የተዋጠው ለድምፁ ብቻ መሆኑን አያውቅም፤ የደረሰበትን ሁሉ ይዘጋል። ዕጢዋም ላይ ልጓሙ ይላላና ፕሮላክቲን ያሻቅባል። የልጅቱ አካል አራስ የሆነ ይመስለዋል፤ ወተት ያዘጋጃል፣ እንቁላል ማውጣቱን ያቆማል፣ የወር አበባውም ይቀራል።

አሁን ስለ ወንድምሽ ወደ ጠየቅሽው ልመለስ። እኩል መጠን ሲወሰድ በአማካይ የሴት ፕሮላክቲን ከወንድ ይልቅ ከፍ ይላል። የወጣት ሰውነት ደግሞ ከጎልማሳው ይልቅ ለዚህ ስሱ ነው። እህትሽ ሴትም ወጣትም ናት፤ ያውም የጀመረችው ለእሷ ባልተለካ መጠን ነው። ሦስቱ ከተገናኙ የሆነው ነገር አያስገርምም።

ነገር ግን «ወንድሜን ያልነካ» ያልሽው ላይ ትንሽ እንቆይ። በምን አወቅሽ? በወንዶችም ላይ ፕሮላክቲን ከፍ ሲል ጡት ሊያብጥና ሊያም፣ የወንድነት ፍላጎትና አቅም ሊቀንስ ይችላል። የ21 ዓመት ጎረምሳ ይህን ለታላቅ እህቱ ይናገራል? ለእናቱስ? ክኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ ከበረቱ ጀርባ የሚተፋው ወጣት «ድኛለሁ፣ አያስፈልገኝም» ይላል እንጂ እውነተኛውን ምክንያት አያወጣም። ያገረሸባቸው ጎረምሶች ከስንት ጊዜ በኋላ፣ በር ተዘግቶ፣ አንገታቸውን ደፍተው የነገሩኝ ይህንኑ ነው። የእህትሽ ችግር ቀሚስ ላይ ታየ፤ የእሱ ካለ ከጋቢ ሥር ነው ያለው።

የእሱ ሰውነት ወንድነቱንና ወጣትነቱን ያሳየበት ሌላ ቦታ ደግሞ አለ፤ አንገቱ። ሃሎፔሪዶልን የመሰለ ኃይለኛ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት አንገት መጠምዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ መሰቀል፣ መንጋጋ መቆለፍ ከማንም በላይ የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው። ጎልማሳው ላይ ይቀንሳል፣ ሽማግሌው ላይ እምብዛም አይታይም። የሚያስፈራውን ያህል ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ በሚያፍታታ መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ አርቴን የሚባለው ክኒንም እንዳይመለስ ይረዳል። መንፈስ አልተቆጣም፤ ጡንቻ ነው የተቆጣው።

ይህን ስጽፍ የራሴ ጥፋት ትዝ ይለኛል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል፣ የ18 ዓመት ተማሪ በሃሎፔሪዶል መርፌ አረጋግተን ሸኘነው። ስለ አንገት መጠምዘዝ ለቤተሰቡ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በማግሥቱ ማታ አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት፤ ምላሱ ወጥቷል፣ አገጩ ወደ ትከሻው ዞሯል። እናቱ «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ። መርፌውን ወግተነው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተፈታ፤ የእናቱ ፊት ግን አልተፈታም። ልጁን ዳግመኛ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ለማንም ወጣት ይህን መድኃኒት ስንሰጥ ከመርፌው በፊት ወሬውን እናስቀድማለን። ለወንድምሽም አስቀድሞ የነገረው ቢኖር ያን ሁለት ሳምንት ባላጣው ነበር።

እንግዲህ ለምን አንድ ክኒን በሁለት ሰው ላይ ሁለት ዓይነት ይሆናል? አባትሽ ገበሬ ናቸውና ለእሳቸው ማስረዳት አይከብድም። ለዋልካው የሚበቃውን ማዳበሪያ በልክ ሳያዩ ቀይ አፈሩ ላይ ይበትናሉ? አይበትኑም። የሴት አካል በአማካይ ከወንድ ይልቅ ስብ ይበዛዋል፤ ብዙዎቹ የአእምሮ መድኃኒቶች ደግሞ ስብ ውስጥ ገብተው የሚቆዩ ናቸው። ኩላሊቷ መድኃኒትን የሚያጣራበት ፍጥነት ዝግ ይላል፤ ክብደቷም ያንሳል። ጉበት ላይ መድኃኒት የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች እንኳን ከፊሉ በወንድ፣ ከፊሉ በሴት ይፈጥናሉ። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን የተባሉትን የአእምሮ መድኃኒቶች የሚሰብረው ኢንዛይም በሴቶች ይዘገያል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል ይበልጥ ያዘገየዋል፤ የሲጋራ ጭስ ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ የሚያጨስ ጎረምሳና የማታጨስ ልጃገረድ አንድ ዓይነት ኦላንዛፒን ውጠው ደማቸው ውስጥ የሚገኘው መጠን በጣም ሊለያይ ይችላል። ጎረምሳው ማጨሱን በድንገት ቢተው መጠኑ ይወጣና ሲያፈዝዘው ይውላል፤ ሐኪሙ ማጨሱን ካላወቀ በከንቱ ይደናገራል።

ይህ እውቀት ዘግይቶ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔም ሴት ነኝና ሳስበው ያናድደኛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይገቡ የሚል መመሪያ አውጥቶ ነበር። የታሰበው ፅንስን ለመጠበቅ ነው። መመሪያው የተነሣው በ1993 ነው። በመካከሉ ስንት መድኃኒት በወንድ ልክ ተሰፍቶ ለሴት ተሸጠ! አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ በወንድ ትከሻ የተቆረጠ ኮት ለሴት ሲለበስ የት የት እንደሚይዝ ታውቂዋለሽ። ዞልፒዴም የሚባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት ተመልከቺ። ገበያ ላይ ውሎ ወደ 20 ዓመት ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ለሴቶች የሚታዘዘው መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊ ግራም እንዲወርድ ተደረገ። ሴቶች ማታ የዋጡት ክኒን ጠዋት መኪና ሲነዱ ገና ደማቸው ውስጥ ነበር።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ሪስፔሪዶን በአሜሪካ ለአዋቂዎች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ጥርጣሬ የሚያነሣ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ላለባቸው ልጆች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚጀመረው በቀን በግማሽ ሚሊ ግራም ሆኖ ቀስ እያለ ይጨምራል። እህትሽ ግን ከመጀመሪያው ቀን 4 ዋጠች። ድርቀቷና እንቅልፏ ከዚህ የመጣ ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም።

በእናትሽ ግን አትፍረጂ። መንገድ ተዘግቶ፣ ልጅ ሌሊት ስትጮህ፣ አንዱን ልጅ ያቆመ ክኒን ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እያዩ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ? እኔም እናት ሆኜ በዚያ ቤት ብገኝ ምን እንደማደርግ በእርግጠኝነት አልናገርም። የምለው አንድ ነው፤ ያዳነው ክኒን የተለካው ለእሱ ነው።

የእሷ ሕመም የእሱ ሕመም ለመሆኑም ገና አልታወቀም። እርግጥ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው እህት ወይም ወንድም በዚያ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ ከ100 ወደ 9 ወይም 10 ይሆናል። ከመቶው 90 የሚሆኑት አይያዙም ማለት ነው፤ «የዘር ነው» ብሎ ቤቱን በሙሉ የሚያማ ሰው ይህን ይስማ። በወንዶች ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በሴቶች በአማካይ ጥቂት ዓመታት ይዘገያል። የ17 ዓመት ልጃገረድ እንቅልፍ አጥታ ድምፅ ስትሰማ ሐኪም ሌላም ነገር ይጠይቃል፤ ስሜት ያለ ልክ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም ነው ወይ? ከባድ ድብርት ነው ወይ? የሚጥል በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ትኩሳት ያለው ኢንፌክሽን አለ ወይ? የደረሰባት፣ ያልነገረችው ነገር አለ ወይ? ይህን የመጨረሻውን ሴት ባለሙያ፣ ለብቻቸው ሆነው ብትጠይቃት ይሻላል።

የሀገራችንን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጾታ ጋር ባይገናኝም ከልክ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ የሚሆኑት ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የሚባለውን መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል (ጂን) ተደጋግሞባቸው አግኝቷል። እንዲህ ያለው ሰው ጉበቱ እንደ ጎርፍ ነው፤ አሚትሪፕቲሊንን የመሰለ የድብርት መድኃኒት ሳይሠራበት ጠርጎ ያስወጣዋል። «መድኃኒቱ ለእኔ አይሆንም» ብሎ የተወ ሰው ምናልባት ከእነዚህ አንዱ ነበር። ስለዚህ ሴት ሁሉ ከወንድ ሁሉ ያነሰ ይበቃታል የሚል ሕግ የለም። ጾታ አንዱ መለኪያ ነው እንጂ ሚዛኑ በሙሉ አይደለም።

አሁን ምን ይደረግ? ክኒኑን በራሳችሁ በአንድ ጊዜ አታቋርጡ፤ ድምፁና እንቅልፍ ማጣቱ ከነበረበት ብሶ ሊመለስ ይችላል። በእሱ ልክ እየሰጣችሁ ቀጠሮ መጠበቅም አይሆንም። በዚህ ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ትታይ። ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰዷት፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። መንገድ ከከለከላችሁ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ስለ አእምሮ ሕመም የሠለጠነ ነርስ ጠይቁ፤ መጠኑን በስልክም ቢሆን ከሆስፒታል ጋር ተማክሮ ሊያስተካክል ይችላል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ባሕር ዳር አለ። ድሮ እኮ የነበረን አማኑኤል ብቻ ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ «አማኑኤል ሄደ» ሲባል አዲስ አበባ ሆስፒታል ይሁን ማቻከል ያለችው ከተማችን መጠየቅ ግድ ነበር።

ሳትዘገዩ፣ በዚያው ሰዓት የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። ድርቀቱ ላይ ትኩሳትና ላብ ተጨምሮ መቃዠት ከጀመረች፣ መዋጥ ካቃታት፣ መብላት መጠጣት ካቆመች፣ ወይም ስለ መሞት ካወራች ሌሊት ነው አትበሉ።

ስትሄዱ የክኒኑን ካርቶን ያዙ፤ ከመቼ ጀምሮ ስንት ስንት እንደዋጠች በወረቀት ጻፉ። «የወንድሟን ነው የሰጠናት» ለማለት አትፈሩ፤ ከደበቃችሁት ሐኪሙ የተሳሳተ ልክ ላይ ሌላ ልክ ይደርባል። የወር አበባዋ የቀረበትን ወር፣ ወተቱ የታየበትን ቀን ተናገሩ። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ተወግታ ታውቅ እንደሆነም ይጠየቅ፤ እሱም የወር አበባ ያስቀራል። የእርግዝና ምርመራው አሁንም ይደገማል፤ ይህ እሷን አለማመን አይደለም፣ መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት የሚደረግ ደንብ ነው። የፕሮላክቲንና የታይሮይድ የደም ምርመራ ይታዘዝላት ይሆናል፤ የፕሮላክቲኑ ምርመራ በየቦታው ስለማይገኝ ሐኪሙ ከምልክቱ ተነሥቶ ሊወስን ይችላል። ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካላት ግን ይነገር፤ ያን ጊዜ ዕጢዋ ራሷ መታየት አለባት። ክብደቷም ይመዘን፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የወጣትን ክብደት ፈጥነው ይጨምራሉ።

ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል። አሪፒፕራዞል ፕሮላክቲንን የማያሻቅብ መድኃኒት ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይገኝም፣ ሲገኝም ይወደዳል። ኦላንዛፒን በፕሮላክቲን በኩል ከሪስፔሪዶን ይሻላል፣ በክብደትና በስኳር በኩል ይብሳል። የትኛው እንደሚሆን ልጅቷን ያየ ይወስን።

መካን ትሆን ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል። አትሆንም። መድኃኒቱ ሲስተካከል ፕሮላክቲን ይወርዳል፤ የወር አበባዋም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል። እንዲያውም እንቁላል ከወር አበባው ቀድሞ ስለሚወጣ፣ «ገና አላየሁም» ብላ የተዘናጋች ያገባች ሴት ልታረግዝ ትችላለች። ሆኖም «ይመለሳል» ብሎ ዓመት መጠበቅ አይገባም። በ17 ዓመት አጥንት ገና እየተገነባ ነው፤ የወር አበባ ለረጅም ጊዜ ሲቀር ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይጎድላል፣ አጥንትም ይሳሳል።

ትዳሩ ስለተነሣ ሁለት ነገር። ሕጉ የሚለው 18 ነው፤ ሽማግሌዎቹ መቅረታቸው ለእኔ ሐዘን አይደለም። ሁለተኛው ይበልጣል። ሐኪሙ የስሜት መዋዠቅ ነው ብሎ ቫልፕሮኤት ሊያዝ ካሰበ፣ ልጅ የመውለድ ዕድሜዋ እየመጣ መሆኑን አስታውሱት። ለወንድ የሚሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነፍሰ ጡር ስትወስደው ግን ከ10 ሕፃናት በአንዱ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት ያስከትላል፤ ከ10 ሦስቱ ወይም አራቱ ደግሞ የአእምሮ ዕድገታቸው ይጎዳል። ስለዚህ ለልጃገረዶች የሚታዘዘው ሌላው ሁሉ ካልሆነ ብቻ ነው። ካርባማዜፒን የሚባለው የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት ከተሰጣት ደግሞ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያና እንክብሉን ያዳክማል። የድብርት መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፍሎክሰቲን፣ ከታዘዘላት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻዋን አትተዉአት። ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በዚያ ጊዜ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታ ስለሚችል ነው። የማንም መድኃኒት ይሁን፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉም ከእናትሽ ጋር።

ጠበሉን አትተዉ ብዬ ልልሽ አስቤ ነበር፤ ለጎጃም ሰው ይህን መንገር ለቀጂ ውኃ ማሳየት ነው። ጠበልና ክኒን ግን አይጣሉም። ለኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በመጣ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ አስተምረዋል። እዚያ ስትሄድ ክኒኗ ይሂድ፤ «ጣሉት» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ የንስሐ አባታችሁን አስቀድሙ። ጾሙም ምክንያት አይሆንም፤ ሪስፔሪዶን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ ሐኪሙ ከፈቀደም ሙሉ መጠኑ ማታ ሊሆን ይችላል። ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጠው ሊቲየም የታዘዘለት ሰው ብቻ ውኃ ሳይጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳይውል፤ ውኃ ሲያጥር ሊቲየም ደም ውስጥ ይጠራቀምና ይመርዛል።

አባትሽን ማን ይንገራቸው? አንቺ ብቻሽን አትንገሪያቸው፤ ሴት ልጅ ለሴት ልጅ ስትሟገት ብቻ ይመስላቸዋል። ከሐኪሙ ቤት ሲደረስ አባትየው ራሳቸው ይግቡ። «ይህ ከመድኃኒቱ ነው» የሚለውን ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው አፍ፣ ልጃቸው ፊት ተቀምጣ ይስሙት። መሄድ ካልቻሉ የንስሐ አባቱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አብረው ቤት ይምጡ። ሰው ሁሉ ባላመናት ጊዜ እውነቱን የተናገረች ሠራተኛዋ ብቻ ናት፤ ክብሯም ይመለስላት። ለጎረቤት ግን ማብራሪያ አትዙሩ፤ ቀሚሷን ያየችው ሴት የምርመራ ወረቀት አይገባትም።

ከመነሣታችሁ በፊት የወንድምሽን ክኒን ቁጠሩ። ለአንድ ሰው የተሰጠ ክኒን ለሁለት ሲካፈል ከቀጠሮው በፊት ያልቃል፤ እናትሽ ለማዳረስ ከእሱ ቀንሰው ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሳይናገር ዘሎ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የጎደለም ይሁን የተረፈ፣ እሱም አብሯት ይሂድ። የእሱ ተራ ሲደርስ ወንድ ባለሙያ ካለ ወንዱ ይየው። አንቺ ውጭ አግዳሚው ላይ ቆዪ፤ ቢዘገይም በሩን አታንኳኪ።